ምነው ባልሰሙን! በመደርደሪያ ላይ ስለቀሩት አምስት ክፍሎች

ለክቡር የቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት ስብሰባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጤናዎ እንደ ስብሰባዎ አይቋረጥ፤ ዕድሜዎ በደጅዎ እንዳለው ወረፋ ይርዘም፤ «አሁን ወጡ» የሚለው የጸሐፊዎ ለስላሳ ድምፅም ከዓመት ዓመት አይጎርንን። ስለ እኔ ደኅንነት እንደማይጠይቁኝ ስለማውቅ ሳልጠየቅ ልመልስ፤ ደኅና አይደለሁም።

ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት የችሎት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ሰው የተናገረውን ቃል በቃል መጻፍ እንጂ ምን ማለቱ እንደሆነ ማሰብ ሥራዬ አልነበረም፤ ይህ ልማድ ምን እንዳደረገኝ ወደ ታች ዝቅ ብለው ያነቡታል። ያለ ማስረጃ የማላምን ስለሆንኩ በሰፈሬ «ወይዘሮ ማስረጃ» ይሉኛል። ጣቢያዎ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ያሳየው የነበረው «ሩቅ መንገደኞች» የተባለው የጠፈር ድራማ ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊም ነበርኩ። ከሦስት ወር በፊት ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው የፈረመበትን አቤቱታ ተሸክሜ ያመጣሁልዎት፣ በተራ ቁጥር አንድ ላይም የፈረምኩት እኔው ነኝ።

የዛሬው ጉዳዬ አጭር ነው። በፊልም ክፍልዎ መደርደሪያ ላይ ተቀርፀው ያለቁ፣ ግን ያልታዩ አምስት ክፍሎች አሉ፤ ከስምንተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው። አንድ ቀን፣ በፈለጉት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሥራ በሚሄድበት ማለዳም ቢሆን፣ እንዲታዩ እለምናለሁ። ታላቅ ወንድሜ እነሱን ሊያይ እንደ ጓጓ ካረፈ ስድስት ሳምንቱ ነው። ለእሱ እንደማይደርሱለት አውቃለሁ። እኔ ግን መጨረሻውን ማወቅ አለብኝ፤ ሳይነገረኝ ብሞት እዚያ ስደርስ ምን እለዋለሁ?

ቅሬታዎቼን እንደ ሙያዬ በቁጥር አቀርባለሁ፤ የአንዳንዶቹ ተከሳሽ እርስዎ ባይሆኑም ብቻዎን እንዳይሰለቹ አካትቻቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አሰነባበትዎ ጨዋነት። «ሩቅ መንገደኞች»ን ላላየ አንባቢ ላስረዳ፦ ሞተሯ የተበላሸባት አንዲት የጠፈር መርከብ ናት፤ ካፒቴኗ፣ መካኒኩና ሁሉን የሚያስታውስ አንድ ያረጀ መሣሪያ ይኖሩባታል፤ አሥራ ሰባት ዓመት ወደ ቤታቸው ተጉዘው አልደረሱም። የቀድሞው ዋና ደራሲ የውጭውን በር አንድ ቀን እንኳ አስከፍቶ አያውቅም። አንድ ሙሉ ክፍል አንዲት አምፖል ስትጠገን አይተን ተላቅሰን የተለያየንበት ቅዳሜ አለ። እኔንማ ባሌ ጥሎኝ በሄደ ዓመት ወንድሜ በየቅዳሜው እየመጣ፣ ጫማዬን ራሱ እያቀበለኝ፣ ወስዶ ከቴሌቪዥኑ ፊት ያስቀምጠኝ ነበር። የሚያጽናናኝ ቃል አንድም አልተናገረም፤ ከጎኔ ተቀምጦ ያያል፣ ሲያልቅ ቤቴ ይመልሰኛል። እንግዲህ ይህን ሥራ ሲጽፍ ያረጀውን ሰው ከስፖርት ዜና በኋላ በሦስት መስመር ማስታወቂያ አሰናበቱልን፤ ሦስት መስመር ሙሉ ስለመደቡለት ምስጋናዬ ከልብ ነው። በምትኩም ለልጆች ፕሮግራም ስትጽፍ የኖረች አንዲት ወጣት ሴት ሾሙ። እሷም ገና ከመግባቷ የውጭውን በር ከፍታ መካኒኩን ወደ ጠፈር አወጣችው ተባለ። ወይ ጉድ! አልን። ከዚህ በላይ አላጣራንም።

ሁለተኛ፤ ስለ ራሴ ፍርድ ቤት። ማኅበራችን የሚሰበሰበው በወንድሜ ሱቅ ነበር። ወንድሜ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፤ «ነበር» ማለቱን ገና አልለመድኩትም። ከፊት ያለችው ክፍል ሆዳቸው የተዘረገፈ ቴሌቪዥኖች፣ ሽቦና ካቻቪቴ የሞሉባት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታሳልፍ ጠባብ ሱቅ ናት። ከጀርባዋ በአንድ በር የሚገባባት ሰፋ ያለች ክፍል አለች፤ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል አሥራ ሰባት ወንበርና ባለቤቱ ሊወስደው ያልተመለሰ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ነው። ከአባላቱ አንዱ፣ መናገር ከጀመረ የሚያቆመው ስለሌለ «ፍሬን የለሽ» የምንለው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሌሎቹን አልዘረዝርም፤ ጥፋታችን አንድ ዓይነት ነው።

አዲሲቱ ደራሲ በተሾመች በሳምንቱ ውሳኔ አሳለፍን፦ የቀድሞው ደራሲ እስኪመለስ ድረስ ማንም አባል አዲሱን ምዕራፍ እንዳያይ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተዘጋ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረን፣ እያየነው ስላልሆነው ነገር መጥፎነት ስንከራከር እንውል ጀመር። መምህሩ ሰው ከመርከብ ውጭ ያን ያህል እንደማይቆይ በጠመኔ ያረጋግጣል። ሾፌሩ ልጅቷ ወደ ልጆቿ ፕሮግራም ትመለስ ይላል፤ በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ ሁላችንም እንከተለዋለን። እኔ እጽፋለሁ። ማናችንም ስላላየነው አንድ ክፍል አሥራ አራት ገጽ ቃለ ጉባኤ መጻፌን በኩራት እነግር ነበር።

ለመፍረድ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ቅጽል ስሜን አይርሱት። ማስረጃችን ወንድሜ ነበር። እሱ ከፊት ሱቁ ውስጥ፣ በደንበኛ ቴሌቪዥን ላይ፣ እኛን እንዳይረብሸን ድምፁን ቀንሶ ያያል። ሲያልቅ እንጠራውና ዛሬ ምን አደረገች እንለዋለን። እጁን በካፖርቱ እየጠረገ ቆሞ ይተርክልናል። አቤት ሲተርክ! መቆጣት እንዳለብን እስክንረሳ ድረስ ይወስደናል፤ ፍሬን የለሽ እንኳ ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ ያዳምጥና «ከዚያስ?» ይላል። በአምስተኛው ቅዳሜ ሊቀመንበሩ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ምስክሩ ለመመስከር ሲል ውሳኔያችንን ጥሷል። በሠላሳ አንድ ዓመት የችሎት ሥራዬ በመመስከሩ የተፈረደበት ምስክር አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አየሁ፤ የምጽፈውም እኔ ነበርኩ።

እንደ ሌላው ለምን መታገሥ እንዳቃተው ተጠየቀ። «እናንተ ጠብቁ፣ ደግ ነው። እኔ እስኪመለስ መጠበቅ አልችልም» አለ። ቃል በቃል ጻፍኩት። ከጎኑ ባለው «የጥፋቱ ዓይነት» በሚለው ሥፍራ ደግሞ «ትዕግሥት ማጣት» ብዬ ሞላሁ። ከዚያም የእናቴን ልጅ፣ በስምንት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እያልኩ ያደግኩትን ሰው፣ በገዛ ቤቱ ከማኅበሩ አባረርነው፤ እጄን ለማንሣት ሁለተኛ ነበርኩ። አልተቀየመም። በሩን ዘግቶልን ይውጣ ወይስ ክፍት ይተወው እንደሆነ ብቻ ጠየቀን። በቀጣዮቹ ሁለት ቅዳሜዎች እንደ ወትሮው ቀድሞን ወንበሮቹን ደርድሮ አገኘነው፤ አሥራ ስድስት ነበሩ፤ የራሱን ወደ ፊት ሱቅ ወስዶት ነበር።

ሦስተኛ፤ ዋናው ቅሬታዬ፤ ሰምተውናል።

ይህን ሲያነቡ ቅር እንዳይልዎ፤ ያልለመዱብን ነገር ሆኖ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመት አርባ አንድ ደብዳቤ ጽፈናል። የካፒቴኗ ተዋናይ ስትለወጥ ጻፍን፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁ። ለኳስ ጨዋታ ሲባል ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ሲሰረዝብን ጻፍን፤ ዝም። የንግግሩ ድምፅ ከሙዚቃው በታች ሆኖ አልሰማ ሲለን ጻፍን፤ «አስተያየትዎን ተቀብለናል» የሚል መልስ፣ ያውም ለሌላ ሰው የተላከ፣ ደረሰን። አርባ አንድ ጊዜ ልክ ሆነን አልተሰማንም። በአርባ ሁለተኛው፣ በዚያ ተሸክሜ ባመጣሁልዎት አቤቱታ፣ አንድም ክፍል ሳናይ፣ በእልህ ብቻ ጻፍን፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ታዘዙልን። «በተመልካቾች ጥያቄ» ይላል ማስታወቂያው፤ «የአዲሱ ምዕራፍ ሥርጭት ከስምንተኛው ክፍል ጀምሮ ተቋርጦ የቀድሞው ዋና ደራሲ ይመለሳሉ።» እልህ ምላጭ ያስውጣል ሲባል የሰማሁት የዋጠውን ሰው ጉሮሮ የሚቆርጥ መስሎኝ ነበር። አንዳንዴ አጠገቡ የተቀመጠውን ይቆርጣል ለካ።

ያን ቀን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ለስላሳ ተገዝቶ፣ ሊቀመንበሩ ንግግር አድርጎ፣ ፍሬን የለሽ ጨፍሮ። ብርጭቆዎቹን አጥቦ ያመጣልን ወንድሜ ነው። «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ለእያንዳንዳችን ቀዳ። ከዚያ እኔን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ ቀሪዎቹ አምስቱስ ምን ሊሆኑ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ድራሻቸው ጠፋ! አልኩት፤ ብርጭቆዬን ከፍ አድርጌ። «መካኒኩ ውጭ ነው እኮ ያለው» አለኝ። የቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ በመጨረሻ ባየው በሰባተኛው ክፍል ማብቂያ ላይ መካኒኩ ከመርከቧ ውጭ እንደ ቀረ፣ በሩ በራሱ እንደ ተዘጋበትና የሁለት ሰዓት አየር ብቻ እንዳለው ያወቅኩት በኋላ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ደጅዎ። ምዕራፉ በተቋረጠ በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ ሱቁ ውስጥ ወድቆ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ የማውቅ መስሎት፣ በሽታው ለእሱ ከተነገረው አምስት ወር ሊሆነው እንደሆነ፣ ዓመት እንደማይሞላም ያኔውኑ እንዳስረዱት ነገረኝ። ምዕራፉ ከመጀመሩ በፊት ማለት ነው። ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የቃለ ጉባኤው መዝገብ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ያን ገጽ አነበብኩት። መጠበቅ አልችልም ብሎን ነበር። በግልጽ አማርኛ፣ ፊት ለፊታችን ቆሞ፣ እኔ ራሴ በጻፍኩት ቃል። ራሴን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም፤ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ አስታማሚዎች መጥተው ውኃ ሰጡኝ።

ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ከነገረን ቅዳሜያችን የድራማ ቀን መሆኑ ቀርቶ በሽተኛ መጠየቂያ እንዳይሆን ፈርቶ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ሁሉን ነገር ሆድ ይፍጀው የሚል።

ከዚያ በኋላ ትራሱን ከፍ አድርጌ አጠገቡ ስቀመጥ ሰባቱን ክፍሎች ይተርክልኝ ጀመር፤ በቀን አንድ። የምዕራፉ ቀንደኛ ጠላት የነበርኩት እኔ ከአፉ ሰማሁት። ክቡር ሆይ፣ ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል እንጂ ጥሩ ነበር። ልጅቷ በሩን የከፈተችው ለወሬ አልነበረም፤ መካኒኩ የወጣው ካፒቴኗ አሥራ ሰባት ዓመት የደበቀችውን የሞተሩን ጉዳት በዓይኑ ለማየት ነው። እኛ አሥራ አራት ገጽ ስንጽፍ ይህን አላወቅንም።

ሰባተኛውን በጨረሰ ማግሥት የመድኃኒት ማዘዣውን ጀርባ ገልብጦ ሥዕል ሠራልኝ። በሩ ከውጭም ሊከፈት ይችላል አለኝ፤ ሁለቱን ሽቦዎች ቦታ አለዋውጦ በሩን የሚዘጋውን ትንሽ ሞተር ዙር መገልበጥ ነው፤ ማንኛውም ጠጋኝ ያውቀዋል። የቸገረው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ ታውቀው ይሆን? ይህን ብቻ ማወቅ ፈለገ። ሲጨንቀኝ ስምንተኛውን ክፍል ከጣቢያው ሰው ሰማሁ ብዬ ከራሴ ፈጥሬ መተረክ ጀመርኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር አዳምጦ ፈገግ አለና «ይቺ የድሮው ደራሲ ሥራ ናት» አለኝ። ሳቅን፤ እሱ ሲስቅ ያየሁት የመጨረሻው ነው።

እንግዲህ ወደ ደጅዎ የመጣሁት ያኔ ነው። አራት ጊዜ። በመጀመሪያው ቀን ጥበቃው ቀጠሮ እንደሌለኝ በትሕትና ገለጸልኝ። በሁለተኛው ቀን ቀጠሮ የሚሰጠው ሰው ቀጠሮ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን የፊልም ክፍል ሠራተኛዋ፣ አንጀቷ ራርቶ፣ አምስቱን በመስተዋቱ በኩል አሳየችኝ፤ ቁጥራቸው በጀርባቸው ተጽፎ በተርታ ቆመዋል፤ እጄን ብሰድ የምነካቸው ይመስሉ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። የሚያስፈልገው የእርስዎ አንድ ፊርማ ብቻ ነው አለችኝ። በአራተኛው ቀን በኮሪደሩ ላይ በአካል አገኘሁዎት። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ፤ ጉዳዬንም ቆሜ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። እርስዎም ለጸሐፊዎ «የእነዚህ ሰዎች አቤቱታ ተፈጽሞላቸው የለም እንዴ?» ብለው ገቡ። እውነትዎን ነው። ደረጃውን ወረድኩ።

ወንድሜ በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት አረፈ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ፈቀዱ ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ ሊፈቅዱ ነው አልኩት። ውሸቴን ነበር። ከቀብሩ በኋላ ማክሰኞ ዕለት «ጥያቄዎ በመታየት ላይ ይገኛል» የሚል ደብዳቤ ማኅተም ተደርጎበት ደረሰኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነውር ስለሆነ አልልም።

ከዚህ በላይ ቅሬታ የለኝም። ማኅበራችን አሁን አምስቱ ይታዩ በምንልና አይታዩ በሚሉ ሁለት ቦታ ተከፍሏል፤ ሊቀመንበሩ ሐዘን አእምሮዬን እንደ ጋረደው በደብዳቤ ገልጾልኛል፤ የደብዳቤው ሰዋስው እንከን የለውም። ፍሬን የለሽ ግን ሱቁ ድረስ መጥቶ አንድ ቃል ሳይናገር ወንበሮቹን አብሮኝ አነሣሣ፤ ከዚህ ደብዳቤ በታችም ከእኔ ጋር ልፈርም ብሏል። አዲሲቱ ደራሲ ወደ ልጆች ፕሮግራም መመለሷን ሰማሁ። አድራሻዋን የሚሰጠኝ ካለ ይቅርታ የምጠይቃት በሌላ ወረቀት ነው፤ በእርስዎ በኩል ከላክሁት በመታየት ላይ ሊውል ይችላል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ አንድ ፊርማ ይፈርሙልኝ። አንድ ጊዜ ያለ ጊዜው ሰምተውናል፤ አሁን ደግሞ ጊዜው ካለፈ በኋላ ይስሙኝ፤ መካከለኛውን ከጣቢያዎ መጠበቅ ትቻለሁ። መካኒኩ መግባት አለመግባቱን ልወቅ። ልጅቷ ስለ ሽቦዎቹ ታውቅ እንደሆነ ልየው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ያጠፋሁብዎትን ውድ ጊዜ፣ ከሁለት ስብሰባ መካከል የተሰረቀ መሆኑን እያወቅኩ፣ በጥልቅ ኀፍረት አመሰግናለሁ። ወንበርዎ አይናወጥ፤ ማኅተምዎ አይደርቅ፤ ለሚወዱት ሰው የሚለምኑበት ደጅ ከእርስዎ ደጅ የተሻለ ይሁንልዎ።

የክፍልዎ ታዛዥ ተመልካች፣
የቴሌቪዥን ጠጋኙ እኅት፣ «ወይዘሮ ማስረጃ»
ከ«ሩቅ መንገደኞች» ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊነት በገዛ ፈቃዷ የተሰናበተች

አብሮኝ የፈረመ፦ የአውቶቡስ ሾፌሩ

አባሪ፦ የአምስተኛው ቅዳሜ ቃለ ጉባኤ፣ አንድ ገጽ፤ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ የተሠራ የበር ሥዕል፣ አንድ ገጽ (ዋናው ከእኔ ዘንድ ነው፤ አልሰጥም)።

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተመለሱት ደራሲ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚጀምሩ፣ በመጀመሪያው ክፍላቸውም ያ ሁሉ ነገር ያረጀው መሣሪያ ቅዠት እንደነበረ፣ በሩም እንዳልተከፈተ፣ ማንም እንዳልወጣ እንደሚነገር በጋዜጣ አነበብኩ። ለእሳቸው የሚሰረዙ ሰባት ክፍሎች ናቸው። ለወንድሜ ድራማው ያለባቸው የመጨረሻዎቹ ሰባት ቅዳሜዎች ነበሩ፤ ሆነዋል፤ ተቀምጦ አይቷቸዋል። ቅዠት ነበር ተብሎ መሰረዝ ያለበት ነገር ከተፈለገ፣ እኔ በእጄ ያመጣሁልዎት አቤቱታ አለልዎ።